ስለ ራዲያተር ማንጠብጠብና ስለ ጥገናው

ትራክተሩ ካደረበት ስፍራ ሲነሣ ከሥሩ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ ትታያለች። ባለ ትራክተሩ ጎንበስ ብሎ ያያታል፤ ዘይት አለመሆኑን በጣቱ ነክቶ ያረጋግጣል፤ ከዚያም በራዲያተሩ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ጨምሮ ወደ እርሻው ይሄዳል። በማግስቱም እንዲሁ ያደርጋል። ሳምንት ሳይሞላ፥ ሰኔ ገብቶ መሬቱ ለስልሶ ማረሻው ጠልቆ በሚሄድበት ቀን፥ ከሞተሩ ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ የሙቀት መለኪያውም መርፌ ቀዩን ምልክት አልፎ ይቆማል። በዚያች ሰዓት የሚከፈለው የአንድ የጎማ ቱቦ ዋጋ መሆኑ ይቀርና የቴስታታና የጓርኒሲዮን ዋጋ ይሆናል፤ ከዚህም የሚከፋው መለዋወጫው ከከተማ እስኪመጣ ድረስ የዘር ጊዜ ማለፉ ነው።

ጣሳው የሚተካው የፈሰሰውን ውሃ ብቻ ነው። ከውሃው ጋር የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ግፊት ነው። በደጋ አገር ለሚሠራ ሞተር ከውሃው መጉደል ይልቅ የግፊቱ መጥፋት ቀድሞ ሊጎዳው ስለሚችል፥ ካቻቪቴ ከማንሣት አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ሞተር ነዳጅ አቃጥሎ ከሚያገኘው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ከሞላ ጎደል ውሃው ተሸክሞ ማውጣት አለበት። ፓምፑ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ይገፋዋል፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ማራገቢያው የሚስበው ነፋስ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ ከዚያም በታችኛው ቱቦ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። በመካከሉ ቴርሞስታት የሚባል በር አለ፤ ሞተሩ ብርድ ሳለ ተዘግቶ ይቆይና ውሃው በብዙ ሞተሮች ላይ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ከድሮዎቹ ትራክተሮች አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1917 መሠራት የጀመረው ፎርድሰን፥ የውሃ ፓምፕ አልነበራቸውም፤ የሞቀ ውሃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ የቀዘቀዘውም ስለሚወርድ፥ በዚሁ ዙር ይሠሩ ነበር። በእነዚያ ላይ ውሃው ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከጎደለ ዙሩ በሙሉ ይቋረጥ ነበር። የዛሬው ሞተር ፓምፕ ቢኖረውም፥ ፓምፕ አየር ሲገባበት ውሃ መግፋት ያቅተዋልና ከዚህ ችግር ፈጽሞ አልዳነም።

አሁን ወደ ግፊቱ ነገር እንመለስ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀንሶ ይፈላል። በምጽዋ 100 ዲግሪ የሚፈልገው ውሃ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአስመራ፥ እንደ እርሷም ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ፥ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ ከ91 አያልፍም። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቴርሞስታቱ በ80 ተከፍቶ ውሃው በ92 የሚፈላ ከሆነ ለሞተሩ የቀረለት 12 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጥቁር መሬት ለሚገለብጥ ትራክተር ወይም ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ካሚዮን ይህ እንደ ምንም አይቆጠርም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ እንደ ድስት መክደኛ የሚታይ ተራ ነገር አይደለም፤ ከውስጡ ጥቅልል የብረት ሞላ አለው፤ ይህም ውሃው ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት እስከ ተወሰነ ልክ ይዞ ያቆያል፤ ከልኩ ሲያልፍ ብቻ ተከፍቶ ወደ ትርፍ ማጠራቀሚያው ያስተነፍሳል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ በመካከሉ ያለች ትንሽ መዝጊያ ተከፍታ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ታስመልሳለች። ልኩ በክዳኑ ራስ ላይ ታትሞ ይገኛል። 0.5 ባር የሚል ክዳን በአስመራ ከፍታ የተራ ውሃን መፍሊያ ከ92 ወደ 106 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ 0.9 ባር የሚለው ደግሞ ወደ 114 ያደርሰዋል። በራዲያተሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ስትከፈት የሚጎድለው በቀን አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ቢሆን እንኳ፥ ግፊቱ መያዝ ሲያቅተው እነዚህ 14 ወይም 22 ዲግሪዎች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የክዳኑ የጎማ ቀለበት ሲደርቅና ሲሰነጠቅም ውጤቱ ያው ነው፤ አንዳንድ ሰው ክዳን ሲጠፋበት የሚወትፈው ጨርቅ ወይም የላስቲክ ከረጢት ምንም ግፊት አይዝም። ከሌላ መኪና የተወሰደ ክዳንም ልኩ ካልተመሳሰለ አይበጅም፤ ከልኩ በላይ የሆነ ክዳን ደካማውን ቱቦ ያፈነዳልና።

ፍለጋው የሚጀመረው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ነው። በዚህ ነገር ላይ ቸልታ የብዙ ሰው ፊትና ክንድ አቃጥሏል። በግፊት ተይዞ በ105 ዲግሪ ሳይፈላ የቆየ ውሃ፥ ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ግፊቱ ስለሚለቀው በአንድ ጊዜ ይፈላና እንፋሎቱ ከነውሃው ወደ ላይ ይተኮሳል። የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጅ ጨምቆ ማየት ይበቃል፤ ቱቦው ጠንክሮ ከተነፋ ወይም ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጊዜው አልደረሰም። ከበረደም በኋላ ክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ይዞራል፤ ትንፋሹ ካለቀ በኋላ ይነሣል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በድንገት ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ጣትም ሆነ የልብስ ጫፍ ወደዚያ አለማስጠጋት ነው።

ውሃ ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም፤ በሞተሩ ገላ ላይ እየተንሸራተተ፥ ማራገቢያውም እየበተነው ሌላ ስፍራ ይወድቃል። ከዚህ የተነሣ ጠብታው ከወደቀበት ቀጥታ በላይ ያለውን ቱቦ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ራዲያተሩና አካባቢው በመጠነኛ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነጭ፥ አረንጓዴ ወይም የዝገት መልክ ያለው ቅርፊት የተጋገረበት ቦታ ይፈለጋል፤ ውሃው ሲደርቅ ትቶት የሚሄደው ይህ ቅርፊት እውነተኛው ምስክር ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር፥ ጠዋት ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ ማየት የፍሳሹን ጠባይ ይገልጣል። ማታ በብርድ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቱቦ ማሰሪያ ነው፤ ጎማውም ብረቱም ሲበርዱ ይሸማቀቁና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ በራዲያተሩ ላይ ያለች ቀጭን ቀዳዳ በግፊት እየተከፈተች መሆኗን ያመለክታል። ከፓምፑ ሥር የምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ ስታነባ ከታየች ደግሞ፥ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበጃት ናትና ሊደፍናት የሚነሣ ሰው ይሳሳታል፤ የፓምፑ መዝጊያ ማለቁን የምትናገረው እርሷ ናት፤ መለወጥ ያለበትም ፓምፑ ወይም መዝጊያው ነው።

ደህና ጋራዦች በክዳኑ ቦታ የሚገጠም መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አላቸው። ሞተሩ ሳይነሣ ግፊት ይሰጡና መርፌው ይወርድ እንደሆነ ያያሉ፤ ነገር ግን በክዳኑ ላይ ከታተመው ልክ ማለፍ አይገባም። ይህ መሣሪያ የሌለው ሰው ራዲያተሩን አውርዶ አፎቹን ከደፈነ በኋላ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ በብስክሌት ፓምፕ በቀስታ ቢነፋበት አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ያገኛል።

ውሃው እየጎደለ በውጭ አንዲት ጠብታ ካልታየስ? እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ፍሳሽ ተብሎ አይታለፍም። የዘይት መለኪያው ብረት ሲመዘዝ ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ፥ ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ፥ ወይም ክዳኑ ሳይከደን በብርድ በተነሣ ሞተር ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለ ተበላ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ መካኒክ መጎተት አለበት።

ጥገናው እንደ ስፍራው ይለያያል። ማሰሪያ የላላ እንደሆነ ይጠበቃል፤ ይሁን እንጂ ጎማው እስኪቆረጥ ድረስ አይደለም። ሹፌሮች በማሰሪያ ፈንታ የሚጠመዝዙት ሽቦ ለአንድ ቀን መንገድ ይረዳል፤ ለወር ሲቆይ ግን እንደ ቢላ ይሆናል። የቱቦው ጫፍ ብቻ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ የሚተርፍ ከሆነ ጫፉን ቆርጦ መልሶ ማሰር ይቻላል፤ ሲጨመቅ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ወይም እንደ እንጨት የሚደርቅ ቱቦ ግን መለወጥ ይገባዋል። የማፍሰሻው ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ብዙውን ጊዜ አዲስ ቀለበት ይበቃዋል።

ራዲያተሩ ራሱ ሲበሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከምን እንደ ተሠራ ነው። በቀድሞ ትራክተሮችና ካሚዮኖች ላይ የሚገኘው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ለባለ ቤቱ ታዛዥ ነው፤ ይበየዳል። ውሃው ፈጽሞ ይፈስሳል፤ ቦታው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፋቃል፤ የብየዳ አሲድ ይቀባል፤ ከዚያም በሞቀ ካውያ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ይፈስስበታል። ይህ ቅልቅል በ200 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ስለ ሆነ፥ በእሳት ችቦ የሚሠራ ሰው እሳቱን ካበዛ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን በአጠገቡ ያሉትን የፋብሪካ ብየዳዎች ያቀልጣቸዋል፤ አንድ ቀዳዳ ይዞ የገባ ራዲያተር በአራት ቀዳዳ የሚወጣው እንዲህ ነው። ሥራው በተከፈተ አየር ይሁን፤ የእርሳስ ብናኝ ለሳንባ መርዝ ነው። በመጨረሻ አሲዱ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ያለዚያ በዓመቱ ያንኑ ቦታ በልቶ ይከፍተዋል። በመካከል ያለ አንድ ቀጭን ቱቦ ለካውያ የማይመች ከሆነ፥ ሁለቱን ጫፎቹን በፒንሳ ጨፍልቆ መበየድ ይቻላል፤ ከብዙ ቱቦዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ቢዘጉ ራዲያተሩ ሥራውን አያቋርጥም።

አሁን በብዛት የሚመጣው ግን የአሉሚኒየም ገላና የፕላስቲክ ጋን ያለው ራዲያተር ነው። ይህን በካውያ መሞከር ድካም ነው። በአሉሚኒየሙ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ በሁለት ቱቦ እየተሸጠ ተቀላቅሎ በሚቀባ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ልትደፈን ትችላለች፤ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ፥ ቅባቱ በአልኮል ተጠርጎ፥ ፈጽሞ ደርቆ መቀባት አለበት፤ እስኪጠነክርም ማደሩ መልካም ነው። የፕላስቲኩ ጋን ሲሰነጠቅ ማጣበቂያው ወደ ከተማ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ሙቀትና ብርድ ስለሚፈራረቅበት ስንጥቁ ይቀጥላል።

በዓለም ሁሉ ሹፌሮች በራዲያተር ውስጥ ቁንዶ በርበሬና የእንቁላል ነጭ ሲጨምሩ ኖረዋል፤ ዛሬም በጠርሙስ የሚሸጥ ፍሳሽ ማቆሚያ የሚባል መድኃኒት አለ። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ደቃቁ ነገር ከውሃው ጋር ሄዶ በቀዳዳዋ ላይ ይጠራቀምና ይዘጋታል። ጥፋቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ደቃቁ ነገር ቀዳዳዋን ከጠባቡ የራዲያተር ቱቦ ለይቶ አያውቅምና ሁለቱንም ይዘጋል። ለአውቶቡስና ቤት ለተሠራበት የጉዞ መኪና ደግሞ ውስጡን የሚያሞቀው ትንሹ ራዲያተር ቀድሞ የሚታፈን ነው። ከሰው መንደር ርቆ ለተቸገረ መንገደኛ ይህ ዘዴ የሚነቀፍ አይደለም፤ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ግን ውሃው መፍሰስ፥ ሞተሩም መታጠብ አለበት።

የመንገድ ነገር ከተነሣ አንድ የታወቀ ዘዴ መመርመር ይገባዋል። ብልህ ሹፌር ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብበት ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ያላላል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሳሹም ይቀንሳል። በሜዳ አገር፥ በቀዝቃዛ ሰዓት፥ ያለ ጭነት ሲሄዱ ይህ በእርግጥ ይረዳል። ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወስደው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካሚዮኑ ከባሕር ጠረፍ ሲነሣ በላላ ክዳን ውስጥ ያለው ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጊንዳዕን አልፎ ወደ ነፋሲት ሲወጣ፥ ሞተሩ በከባድ ማርሽ በሚጮህበት በዚያው ዳገት፥ የውሃው መፍሊያ በየኪሎ ሜትሩ እየወረደ ይሄዳል፤ ከጫፍ ሲደርስ 92 ነው። ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀት በሚበዛበት አቅጣጫ ውሃው የሚችለው ሙቀት ያንሳል። በእንደዚህ ያለው መንገድ ክዳኑን ዘግቶ፥ በየጊዜው እየቆሙ እያበረዱና ውሃ እየሞሉ መሄድ ይሻላል፤ የመኪናው ማሞቂያ ተከፍቶ ቢነዳም ለሹፌሩ ባይመችም ከሞተሩ ላይ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። ከምንም በላይ፥ በተቃጠለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ የብረቱን ገላ ሊሰነጥቀው ይችላልና እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው።

ከጥገናው በኋላ የሚሞላው ውሃ ምን ዓይነት ይሁን? የጉድጓድ ውሃ በብዙ ስፍራ ኖራ ስላለበት በቱቦዎቹ ውስጥ ቅርፊት ይጋግራል፤ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ያው ነው። የተጣራ ውሃ፥ እርሱ ከጠፋ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፥ ይመረጣል። ለዚህም ፀረ በረዶ የሚባለውና መካኒኮች ኩላንት የሚሉት ፈሳሽ እኩል በእኩል ቢቀላቀል ሦስት ጥቅም አለው፤ ቅልቅሉ በባሕር ጠረፍ ያለ ግፊት እንኳ ከ105 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም፤ ዝገትን ይከለክላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ስፍራዎችም ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን ከመሰንጠቅ ይጠብቃል። በቆላ ያለ ገበሬ በረዶ የለብኝምና አያስፈልገኝም ቢል ዝገቱን ይረሳል። የተለያየ ዓይነት ኩላንት ግን አይደባለቅ፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይረጋል። ሲሞላም ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩ በቀስታ ይነሣና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይቆያል፤ ታምቆ የነበረው አየር ሲወጣ ውሃው ዝቅ ስለሚል ይጨመርበታል። በሁመራ የሰሊጥ እርሻ ወይም በአርሲና በባሌ የስንዴ መከር ላይ የሚሠራ ትራክተርና ኮምባይነር ያለው ሰው፥ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተሰገሰገውን እብቅና አቧራ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በአየር ማስነፋትን አይዘንጋ፤ ምንም ሳያንጠባጥብ የሚፈላ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው።

ኩላንት ከሚሠራባቸው ነገሮች ዋናው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ስለዚህ ውሻም ጥጃም ሕፃንም ሳይጠየፉ ይጠጡታል። በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ይሆናል፤ ለመግደልም ብዙ አያስፈልገውም። ገበሬው ራዲያተሩን በግጦሽ መሬት ላይ ቢያፈስስ፥ የተረፈውን በወተት ወይም በጠላ ዕቃ ቢያስቀምጥ፥ ከትራክተሩ የበለጠ ነገር ሊያጣ ይችላል። ሲፈስስ ለዚሁ ብቻ በተመደበ ሳፋ ተይዞ፥ መርዝ መሆኑ በጉልህ በተጻፈበት ጀሪካን ታሽጎ፥ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ፤ ወደ ወንዝም ወደ ኩሬም አይደፋ። መሬት ላይ የፈሰሰው አመድ ወይም አሸዋ ተነስንሶበት ተጠራርጎ ይነሣ። የጠጣ ልጅ ቢኖር፥ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሰከረ ከመምሰል በቀር ሌላ ምልክት ላይታይ ይችላል።

የተጠገነው ራዲያተር በመጀመሪያው ቀን ለከባድ እርሻ አይወጣም። ቀለል ያለ ሥራ ሠርቶ ይግባ፤ ማሰሪያዎቹ ከበረዱ በኋላ እንደ ገና ይጠበቁ፤ በማጠራቀሚያው ላይ የውሃው ልክ በእርሳስ ይሰመር፤ ያው ካርቶንም ከሥር ይዘርጋ። ሦስት ሌሊት ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ካደረና ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ካላለ፥ በአራተኛው ቀን ጠዋት ማረሻው ሊያያዝ ይችላል።